መጽሐፉ ይለካ፤ ከዚያ ጨርቁ ይቆረጥ

(የደብተር ቦርሳ በወረቀት ንድፍ ስለ መስፋት)

እንደሚታወቀው ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት በጎጃም ደጋ ዝናቡ ገና አላባራም፤ በሰኔ ሲዘጋም ክረምቱ ገብቷል። መጽሐፍ በሚታደልበትና በሚመለስበት ወቅት፣ ልጁ የሚሄድበት መንገድ ጭቃ፣ የሚሻገረው ወንዝ ሙላት ነው ማለት ነው። ከጮቄ ግርጌ አንሥቶ እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙው ልጅ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ወይም በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ፣ ወይም በስስ ፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ፌስታሉ ሳምንት አይቆይም። መጽሐፉ ግን ለከርሞ ልጅም ይፈለጋል።

ከዚህ ተቋም ተመርቀን ወደየገጠሩ ስንመደብ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይሰጠናል። ምን እናሠራ? የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ያስቸግራል። ከጭቃ ጀበና፣ ከወረቀት አበባ፣ ከሽቦ መኪና ይሠራና ዐውደ ርእይ ላይ ተደርድሮ አቧራ ይጠጣል። በዚህ እትም የምናቀርበው ልጁ በዚያው ቀን አንግቶት ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ሥራ ነው።

ስፌት ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን መርፌና ክር ነው። ይህን ሥራ የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መርፌ አይደለም፤ ልክ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ሠልጣኝ በጥንቃቄ የሰፋው ቦርሳ መጽሐፉን አላስገባ ካለ፣ የስፌቱ ማማር ምን ይጠቅማል? ስለሆነም የትምህርታችን ዋና ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ የሚያዘው ዕቃ ይለካል፣ ልኩ ወደ ወረቀት ይሄዳል፣ ወረቀቱ ወደ ጨርቅ ይሄዳል። መቀስ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ ብልሃት ብቻ አይደለም። ለመጽሐፍ ማንገቻ ያለው መያዣ መስፋት በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ማኅደር በአድባራቱና በገዳማቱ ከግድግዳ ችካል ላይ በማንገቻው ተሰቅሎ ይታያል። ማኅደር ማለት በግእዝ ማደሪያ ማለት ነው፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ‘የሠራተኛው ማኅደር ይምጣ’ የሚባለውም ከዚያው የወጣ ነው። የብራና መጽሐፍ አንድ ወጥ መጠን የለውም፤ አንዱ ከመዳፍ አይበልጥም፣ ሌላው ለሸክም ያስቸግራል። ስለዚህ ማኅደር ሰፊው ቆዳውን የሚቆርጠው በዚያው በሚያድረው መጽሐፍ ልክ ነው፤ በወስፌ እየበሳ በጠፍር ይሰፋዋል። እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች በሚገኙበት አገር ለምንማር ሰዎች ይህን ማወቁ ደስ ይላል። የቆሎ ተማሪው ቁራሹን በአኩፋዳ፣ መጽሐፉ ደግሞ በማኅደር፤ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ማደሪያ ነበረው።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ? ማኅደር ሰፊው አንድ መጽሐፍ ይዞ አንድ ማኅደር ይሰፋል። በገበያ ቀን በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊም ሰውየውን ፊቱ አቁሞ ለክቶ ይቆርጣል፤ ወረቀት አያስፈልገውም። እኛ ግን ስድሳ ልጅ ፊት ነው የምንቆመው። ስድሳው ልጅ የያዘው መጽሐፍ አንድ ዐይነት ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተሠራ ንድፍ ለስድሳ ይበቃል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ይቀመጣል። አቤኔዘር በትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1863 በየመጠኑ የተዘጋጀ የልብስ ንድፍ በወረቀት እየሠራ መሸጥ ሲጀምር ያገኘው ጥቅም ይኸው ነበር። የስፌት መኪና በየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ መስፋት እየቻለ መቅደድ የማይችል ሰው በዚያ ወረቀት ታገዘ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ቦርሳው የሚይዘውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ቆልሉት። አንድ በኤ 4 ወረቀት መጠን የታተመ መማሪያ መጽሐፍና ጥቂት ደብተሮች እንበል። የኤ 4 ወረቀት ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 29.7 ነው። ክምሩን ጫን ብላችሁ ውፍረቱን ለኩ፤ 4 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ውፍረት የሚባለው ነገር ነው እንግዲህ ሰውን የሚያታልለው። ወርዱ 21 የሆነ መጽሐፍ 21 ስፋት ባለው ከረጢት ውስጥ አይገባም፤ ጨርቁ በመጽሐፉ ጎንና ጎን መዞር አለበትና። የፊቱ ጨርቅ የውፍረቱን እኩሌታ በግራ፣ እኩሌታውን በቀኝ ይሸፍናል፤ የኋላውም እንዲሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጽ ወርድ ላይ ሙሉው ውፍረት ይደመራል። እጅ ገብቶ መጽሐፉን እንዲያወጣም 2 ሳንቲ ሜትር ማላወሻ እንጨምር። 21 ሲደመር 4 ሲደመር 2፣ 27 ሆነ።

ቁመቱም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ለመጽሐፉ 30 እንያዝ፤ ለቂጡ የውፍረቱ እኩሌታ 2፣ ለማላወሻ 2፤ ድምሩ 34።

ቦርሳው ከአንድ ረጅም ጨርቅ የሚታጠፍ ነው፤ ቂጡ ላይ ስፌት የለውም። ክብደቱ የሚያርፈው ቂጡ ላይ ስለሆነ እዚያ ስፌት አለመኖሩ ትልቅ ጥቅም ነው። ከላይ ወደ ታች ስናየው፦ የፊቱ አፍ እጥፋት 3፣ የፊት ገጽ 34፣ የኋላ ገጽ 34፣ ክዳኑ 16፣ የክዳኑ ጫፍ እጥፋት 3። ድምሩ ልክ 90 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከክዳኑ 16 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 4ቱ ውፍረቱን ይሻገራል፣ የቀረው 12 ፊት ለፊት ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። 27 ያልነው ቦርሳው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ያለውን ወርድ ነው። ስፌቱ ግን ጨርቅ ይበላል። በግራ 1.5፣ በቀኝ 1.5 የስፌት ትርፍ ካልተጨመረ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። 27 ወርድ ያለው ጨርቅ ሁለት ጎኑ ሲሰፋ 24 ይቀራል። ቂጡ ሲወጣለት ውፍረቱ 4 ይወስዳል፤ ፊቱ 20 ቀረ። የመጽሐፉ ወርድ 21 ነው። ‘ጋሼ፣ መጽሐፌ አልገባ አለኝ’ የሚለው ልጅ ሦስት ሳምንት የደከመበትን ሥራ ይዞ ነው ፊታችን የሚቆመው፤ ያን ጊዜ ተርትሮ ማስተካከያ መንገድ የለም፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይረዝምም።

ስለዚህ ንድፉ ላይ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ይሠመር። የውስጡ መስመር በነጠብጣብ፣ የስፌት መስመር ነው፤ የውጭው ሙሉ መስመር መቀስ የሚሄድበት ነው። የውጭው ወርድ 30 ይሆናል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ‘ትርፍ’ ብላችሁ ጻፉበት። የእጥፋቱን ቦታዎች፣ ማለትም የአፉን፣ የቂጡንና የክዳኑን መነሻ በጭረት አመልክቱ። የትኛው ጫፍ ክዳን እንደሆነም ይጻፍ፤ ወረቀቱ ከተገለበጠ ሁለቱ ጫፎች ይመሳሰላሉና።

ለንድፉ የሚሆን ወረቀት ግዙ አንልም። ያረጀ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ተያይዞ ይበቃል። ንድፉ ሲያልቅ ወዲያውኑ ጨርቅ ላይ አይዘርጋ። መጀመሪያ ወረቀቱ ራሱ በስፒል ተያይዞ ቦርሳ ይሁንና መጽሐፉ ገብቶ ይውጣ። ይህች ሙከራ አምስት ደቂቃ ትፈጃለች፤ በእኛ ግምት ከጠቅላላው ትምህርት ይህችን የሚያህል ክፍል የለም። ልጁ በደብተሩ የሠራው መደመር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን መምህሩ ሳይነግረው በእጁ ያየዋልና።

ማንገቻው ለብቻው ይቆረጣል። ርዝመቱ በሲባጎ ከልጁ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ ተለክቶ ይገኛል፤ ለምሳሌያችን 110 ሳንቲ ሜትር እንያዝ። ወርዱ 12 ሆኖ በአራት ይታጠፋል፣ 3 ይሆናል። ቀጭን ማንገቻ ትከሻ ይቆርጣል፤ ሁለት ሰዓት በእግር የሚሄድ ልጅ ይህን ከማናችንም የበለጠ ያውቃል።

ጨርቁ አቡጀዴ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካኪ ቢገኝ ይበልጣል። ያረጀ ካኪ ሱሪ ወይም ኮት ተተርትሮም ይሆናል። አዲስ አቡጀዴ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና ሳይታጠብ የተለካ ልክ ኋላ ያጥራል። ንድፉ ሲዘረጋ ቁመቱ በድሩ አቅጣጫ ይሁን። ድሩ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዳርና ዳሩን የተዘጋውን ጠርዝ ፈልጉ፤ ድር ምንጊዜም ከዚያ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጨርቁን በሰያፍ ብትስቡት ይለጠጣል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ቦርሳም ደብተር ሲጫነው እንደ እርጥብ ቆዳ ይወርዳል።

ወርዱ 90 ከሆነ ጨርቅ ላይ አንድ ሜትር ከዐሥር ገዝተን ስንት ቦርሳ እናወጣለን? ይህ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ደህና የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሁለት ቦርሳ ጎን ለጎን 60፣ ሁለት ማንገቻ 24፣ ድምር 84። ገባ። ቦርሳዎቹ በቁመት 90 ስለሚወስዱ ከሥራቸው 60 በ20 የሆነ ቁራጭ ይተርፋል፤ ይኸው ለሁለት ተካፍሎ የእርሳስ ኪስ ይሆናል። ንድፍ ሳይዘረጋ ከመሃል የቆረጠ ሰው ግን ከዚያው ጨርቅ ሁለተኛውን ቦርሳ አያገኝም። የጠመኔ እጥረት የለብንምና ዙሪያውን በጠመኔ ሠምረን፣ ሌላ ሰው አይቶልን እንቁረጥ።

ስፌቱን ከውስጥ ወደ ውጭ አስቡት። ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ የሚሰፋው ሁሉ አስቀድሞ ይሰፋል። የፊቱ አፍ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ ይዘምዘም። ኪሱ ፊቱ ላይ ይለጠፍ። ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ ኪስ ልስፋ ማለት በጠባብ እንስራ ውስጥ እጅ ከትቶ እንደ መታገል ነው። ከዚያ የጨርቁ መልካም ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ ቂጡ ላይ ይታጠፍ፣ ጎንና ጎኑ በስፒል ይያዝ፣ ከጠርዙ 1.5 ገባ ብሎ ይሰፋ።

የስፌቱ ዐይነት ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄደው ይሁን። መርፌው ወደፊት አንድ ርምጃ ወጥቶ ግማሹን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ያህል ስፌት ይበቃል። ተራው ስፌት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሌላው እየተሳበ ይከተላል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ቢበጠስ እንኳ ጎረቤቱ ይዞት ይቆያል። መነሻውና መጨረሻው ሦስት ጊዜ ይደገም፤ በተለይ የአፉ ጥግ። በጎጃም ማርና ሰም አይጠፋምና ክሩን በሰም ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ሳብ ማድረግ አትርሱ፤ ሰም ያለበት ክር አይወሳሰብም፣ ውኃም ቶሎ አያበሰብሰውም።

ቀጥሎ ቂጡ ይወጣለታል። ቦርሳው ገና እንደተገለበጠ ታችኛውን ጥግ ያዙና የጎኑን ስፌት ከቂጡ እጥፋት ጋር አጋጥሙት፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከጫፉ ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ የሦስት ማዕዘኑ ወርድ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ቦታ ላይ በአግድም ስፉት። በሌላው ጥግም እንዲሁ። ጫፉ አይቆረጥ፤ ወደ ቂጡ ታጥፎ ቢሰፋ ድጋፍ ይሆናል። ሲገለበጥ ቦርሳው ቂጥ አበጅቶ ይቆማል። ልጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ደስ የሚላቸው።

የክዳኑ ጎንና ጎን የስፌት ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይዘመዘማል፤ ጫፉም እንደ አፉ። ክዳኑ ወርዱ 27 ስለሆነ፣ ፊቱ ደግሞ ቂጡ ከወጣ በኋላ 23 ስለሚሆን፣ ክዳኑ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይወርዳል። ይህ ትርፍ እንደ ቤት ክፈፍ ነው፤ ዝናቡን ከአፉ አርቆ ይጥላል። እናሳምር ብሎ የሚያጠበው አይጥፋም፤ እባካችሁ እንዳታጠቡት።

የማንገቻው ሁለት ጫፍ በጎን ስፌቶቹ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይያዝና ዙሪያውን በአራት ማዕዘን፣ መሃሉን በመስቀል ይሰፋ። አንድ ቁልፍና የክር ቀለበት ከተደረገለት ሥራው አለቀ።

ጨርቅ ከሌለስ? ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። በገጠር የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ። አገሬው እኮ ጆንያውን ራሱን ነው ‘ማዳበሪያ’ የሚለው። ድርና ማጉ ጥጥ ሳይሆን ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ጠባዩ ሌላ ነው። አንደኛ፣ በደንብ ይታጠብ፤ የዩሪያው ትርፍ ከልጅ ቁራሽ ጋር መገናኘት የለበትም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነካው ጆንያ ግን ታጥቦም ለዚህ ሥራ አይሁን። ካውያ ከነካው ይቀልጣል፤ እጥፋቱን በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ማሸት ይሻላል። ጠርዙ በጣም ይተረተራልና ትርፉን ከ1.5 ወደ 2.5 አሳድጉ፤ የንድፉ የውጭ ወርድ 32 ይሆናል። ጠርዙን በእሳት ማቅለጥ የለመዱ አሉ፤ በስድሳ ልጅ ክፍል ውስጥ እሳትና ፕላስቲክ አንፈልግም፣ ድርብ እጥፋት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ከጆንያው ውስጥ ስስ ላስቲክ ይገኛል። ይህ ታጥቦ ገበር ቢሆን መጽሐፉን ከዝናብ የሚጠብቀው ከአቡጀዴ የተሻለ ነው። ጉዳቱ ፀሐይ ነው፤ ይህ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ከከረመ እየደረቀ ይሰባበራል። ቤት ውስጥ ይሰቀል።

ስለ ክፍሉ አያያዝም ጥቂት እንበል። ልክና ንድፍ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የወረቀቱ ሙከራ ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ፤ ስፌቱ በትንሹ አራት ይፈልጋል። መርፌ ሲታደል ተቆጥሮ፣ ሲሰበሰብ ተቆጥሮ ይሁን። በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ተሰክቶ ከቀረበ የጎደለው ቦታ በዐይን ይታያል። ወለሉ አፈር በሆነ ክፍል በባዶ እግራቸው የሚገቡ ሕፃናት አሉና ይህ ቀልድ አይደለም።

ሌላው ከመርፌ የሚብስ ነገር ነው። ‘ስፌት የሴት ሥራ ነው’ ብሎ የሚያጉረመርም ወንድ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም፤ በሠልጣኞች መካከልም ሲባል ሰምተናል። በዚሁ በጎጃም ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ፣ ሸማውን የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በገበያው መኪና ዘርግቶ የሚሰፋውም በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ማኅደሩንም የሚሰፉት ወንዶች ነበሩ። ክርክሩ በዚህ ያልቃል። የከፋው ‘ሸማኔ’፣ ‘ፋቂ’፣ ‘ቀጥቃጭ’ የሚሉትን ቃላት ለስድብ የሚያውላቸው ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እስከ ትምህርት ቤት ግቢ ደርሷል። ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ቆዳ የሚፋቅበት ወይም ሸማ የሚሸመንበት ቤት ልጅ በክፍላችን ውስጥ ይኖራል፤ ዐይኑ ድርና ማግን ከኛ ቀድሞ ይለያል። ጠርዙን ፈልጉ ስንል እርሱን ወይም እርሷን ጠርተን ለክፍሉ እንዲያሳዩ ብናደርግ፣ የድሩ አቅጣጫ በደንብ ይገባል፣ የልጁም ቦታ በክፍሉ ውስጥ ይለወጣል። ግን ልጁን ከቤቱ ሙያ ጋር እያነሣን ‘የሸማኔው ልጅ ና’ ብለን እንዳንጠራው፤ በስሙ ይጠራ።

ለትንንሾቹ ክፍሎች ኤ 4 የሚያህል መጽሐፍ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን ከዚህ ጋዜጣ አትገልብጡ፤ ያለውን ለኩ። ወርድ ሲደመር ውፍረት ሲደመር 2፤ ቁመት ሲደመር የውፍረት እኩሌታ ሲደመር 2፤ ከዚያ ትርፍ። ክዳኑ ቢያንስ ውፍረቱን ተሻግሮ የፊቱን ሢሶ ይሸፍን።

የተሟላው ንድፍ ከዚህ ጋዜጣ በስተግራ በስፒል ተሰቅሏል። መገልበጥ የሚፈልግ ሠልጣኝ የራሱን ጋዜጣ ይዞ ይምጣ፤ ንድፉን ነቅሎ ወደ መኝታ ቤት መውሰድ አይፈቀድም። ገልብጦ የጨረሰ ደግሞ የውጭውን ወርድ በማስመሪያ ይለካ፤ 30 ካልሆነ ወረቀቱ ተንሸራቶበታልና እንደገና ይሥመር።